ቆሮሶና የተሰነጠቀው ገንዳ

አንድ ጊዜ፣ ሰዎች ጥለውት በሄዱት ሆቴል ውስጥ እንስሳት ገብተው ይኖሩ ነበር። ትልቁን አዳራሽ አንበሳ ያዘው። በአዳራሹ መካከል የመስታወት ገንዳ አለ፤ በገንዳው ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓሦች፣ ቆሮሶና አምባዛ። አንበሳ ከምሳ በኋላ እነሱን እያየ ነበር እንቅልፍ የሚወስደው። ስለዚህ «በውሃው ውስጥ እስካሉ ድረስ የሚነካቸው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» ብሎ ማለ።

መሐላው ከውሃ ውጭ ስላለው ነገር ምንም አይልም። ይህን ሁሉም ልብ ብሎታል።

አንድ ማለዳ ገንዳው ተሰንጥቆ ተገኘ። ስንጥቁ ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ አንድ ስንዝር ያህል ወርዷል። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። እንዴት እንደተሰነጠቀ አየሁ ያለ የለም፤ ሁሉም ግን አጠገቡ ያለውን በጎን አየ።

*

አንበሳ ሁሉንም ሰበሰበና ይጠገን ወይስ ይለወጥ ብሎ ጠየቀ።

ቀበሮ ይለወጥ አለ። የተሰነጠቀ መስታወት እንደማይታመን፣ አንድ ቀን ፈንድቶ የጌታውን ጎፈር እንደሚያበሰብስ አስረዳ። ከመንገዱ ማዶ ባለው ባዶ ቤት ደህና ገንዳ አይቷል። ያ ገንዳ እስኪመጣ ዓሦቹ በቀበሮ ጉድጓድ ውስጥ በተቀመጠ ሳፋ ቢሰነብቱ ምንም አይሆኑም። ይህን ሲል ድምፁ እንግዳ እንደሚጋብዝ ሰው ለስላሳ ነበር።

ጅብ ይጠገን አለ። ሙጫው እስኪደርቅ ግን ውሃው በሙሉ መፍሰስ አለበት።

«ዓሦቹስ?» አለ አንበሳ።

«እኔ በአፌ እይዛቸዋለሁ» አለ ጅብ። «ቆሮሶ ራሷ ልጆቿን በአፏ አይደል የያዘችው? እኔ ስይዝ ምን ነውር አለው?»

ማንም አልሳቀም። ጅብ ቀልድ እንደማያውቅ ሁሉም ያውቃል።

እውነትም ቆሮሶ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ነበር። ወገኖቿ ልጅ የሚያሳድጉት እንዲህ ነው። ልጆቹ ተፈልፍለው እስኪጠነክሩ አትበላም፣ አትናገርም። አፏን ከከፈተች ይወድቃሉ፤ ከወደቁ ደግሞ ከታች አምባዛ አለ። ስለዚህ አንበሳ ሐሳቧን ሲጠይቃት ዝም አለች።

«እሺ ማለቷ ነው» አለ ቀበሮ።

አምባዛ በበኩሉ የፈለጉትን ቢያደርጉ ግድ እንደሌለው ተናገረ። እሱ ከውሃ ወጥቶም ጥቂት ጊዜ መተንፈስ ይችላል።

በመጨረሻ አህያ ቀረበች። ዕድሜዋን ለግንበኞች አሸዋ ስትጭን ነው የኖረችው። ግንበኛ የተሰነጠቀ ግድግዳ ሲያይ አይቸኩልም አለች፤ ስንጥቁ ያለቀበት ላይ መስመር ያሰምርና ይጠብቃል። ስንጥቁ ባለበት ከቆመ ይጠግነዋል። መስመሩን ካለፈ ያፈርሰዋል። ከዚያም በጥርሷ ከሰል ይዛ መስታወቱ ላይ አሰመረች።

አንበሳ ሦስት ቀን ሰጠ።

*

በመጀመሪያው ቀን ስንጥቁ አልተንቀሳቀሰም። በሁለተኛው ቀንም ማለዳ እንደዚያው ነበር። ከቀትር በኋላ አንበሳ ከእንቅልፉ ሲነቃ ግን ስንጥቁ መስመሩን በአንድ ጣት አልፎታል። በሦስተኛውም ቀን፣ እንዲሁ በቀትር፣ ሌላ አንድ ጣት ጨመረ።

ቀበሮ አህያን ጠረጠረ፤ መስመሩን ያሰመረችው እሷ፣ አጥፍታ ከፍ ያደረገችውም እሷ ናት አለ። አህያ ጅብን ጠረጠረች፤ ቀኑን ሙሉ ከገንዳው ስር ተጋድሞ የሚንጠባጠበውን ይልሳል። አንበሳ ሦስቱንም ጠረጠረ።

ቆሮሶ ግን ሁሉን አይታለች።

«ያየሽውን ተናገሪ እንጂ እህቴ» ይላታል አምባዛ ከታች ሆኖ። «ካልተናገርሽ ያስወጡናል። አንድ ቃል ይበቃል።»

ከወጣች ልጆቿን ታጣለች። ከተናገረችም ታጣቸዋለች። ቆሮሶ አፏን አጥብቃ ገጠመች።

አህያ ውሃ ልትጨምር ስትመጣ አንድ ነገር አስተዋለች። ጅብ መስታወቱን ሲልስ ቆሮሶ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ቀበሮ ሲያልፍ ግን ገንዳው ውስጥ ካለው ድንጋይ ኋላ ገባች። አህያ ውሃውን አስቀምጣ አንበሳን ለመነችው፤ ሁሉም አንድ በአንድ በገንዳው ፊት ይለፉ።

አህያ አለፈች። ቆሮሶ አልተንቀሳቀሰችም። ጅብ ለሃጩን እያዝረበረበ አለፈ። አሁንም አልተንቀሳቀሰችም። ቀበሮ ገና ሲጠጋ ተወርውራ ከድንጋዩ ኋላ ተሸጎጠች።

«ዓሣ ስለ ሸሸ ነው እንግዲህ እኔ የምወነጀለው?» አለ ቀበሮ ተረጋግቶ።

«በየቀትሩ በጠጠር እያንኳኳህባት ባትሸሽ ነበር የሚገርመው» አለ ጅብ።



«አያ ጅቦ፣ አይተሃል ማለት ነው?» አለ አንበሳ።

«የመጀመሪያውን ሲመታውም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«‹አንዷ ዓሣ ለአንተ› ብሎኝ ነበር» አለ ጅብ። ከዚያም ወደ ቀበሮ ዞር ብሎ «አሁንም እንደዚያው ነው አይደል?» ሲል ጠየቀው።

ቀበሮ መልስ ሳይሰጥ በመስኮት ዘለለ። ጅብም መልሱን ፍለጋ ተከተለው።

*

ስንጥቁ በራሱ እንደማይሄድ ታወቀ። አህያ ውሃውን ከስንጥቁ በታች እስኪሆን ድረስ ብቻ ቀነሰች፤ ከመስኮቱ የወደቀ ደህና መስታወት አምጥታ ከውጭ በኩል በሙጫ ለጠፈችበት። ከገንዳው የወጣ የለም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቆሮሶ አፏን ከፈተች። ልጆቿ እንደ ጤፍ ተበተኑ። አንበሳ የመጀመሪያ ቃሏን ሊሰማ ጎንበስ አለ፤ ምስጋና ነበር የጠበቀው።

ቆሮሶ ግን ወደ አምባዛ ዞረች።

«‹ተናገሪ› ስትለኝ» አለችው፣ «አንተም ከስሬ ሆነህ አፍህን ከፍተህ ነበር።»

አምባዛ ወደ አሸዋው አየ። ቆሮሶ አህያን ጠርታ አንድ ሌላ መስታወት ለመነቻት፤ ገንዳውን መሐል ለመሐል የሚከፍል።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤታችን ሲሰነጠቅ «ይጠገን» ወይም «ይለወጥ» የሚለንን ሁሉ ከመስማታችን በፊት፣ እኛ ስንወጣ እሱ የት ቆሞ እንደሚጠብቀን ማየት እንዳለብን ነው።