ዳይሬክተሩ የተንጠለጠሉበት መሣሪያ

የአውሮፕላን ሞዴል በነፋስ በሚፈተንበት ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዲት ባለሙያ ነበረች። ሥራዋ የነፋሱን ጉልበት የሚለካው መሣሪያ እንዳይዋሽ መጠበቅ ነው። ክብደታቸው የታወቀ ብረቶችን አንድ በአንድ እየሰቀለች የሚያሳየውን ቁጥር ትመዘግባለች፤ ይህም ሦስት ቀን ይፈጃል።

አንድ ጠዋት ዳይሬክተሩ ዶክተር መንበሩ እንግዶች አስከትለው ገቡ።

«ፈተናው ዛሬ ይጀመራል። መሣሪያው ልክ ነው ብለሽ ፈርሚ» አሏት።

«ብረቶቹን ሳልሰቅል አልፈርምም፣ ዶክተር።»

«ብረት ምን ያደርጋል? እኔ አለሁ አይደል! ከተማሪነቴ ጀምሮ ከሰባ አምስት ኪሎ ንቅንቅ ብዬ አላውቅም» አሉና ኮታቸውን አውልቀው ብረቶቹ የሚሰቀሉበት መንጠልጠያ ላይ ጉብ አሉ።

መሣሪያው ዘጠና ሁለት አለ። እንግዶቹ ሳቃቸውን ለማፈን ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«ይሄ ውሸታም!» ብለው ጮኹ ዳይሬክተሩ።

ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አወጣች። «እንደፈቀዱ፣ ዶክተር። መሣሪያው ልክ ነው ካሉኝ አሁኑኑ እፈርማለሁ፤ የእርስዎንም ዘጠና ሁለት ኪሎ እመዘግባለሁ። የለም፣ ሰባ አምስት ነኝ ካሉ ግን ሦስት ቀኔን ይስጡኝ።»

ዳይሬክተሩ ኮታቸውን መልሰው ለበሱ። ቁልፉ ከቀዳዳው አልደርስ ሲላቸው ተዉትና፣

«ሳምንት ውሰጂ» አሏት።