መሬት ላይ የከረመው ጣራ

ጡብ የሚያስጠብስ አንድ ሀብታም ነበረ።

ጥያቄሽን ሰምቻለሁ ልጄ። የምትመሪው ፋብሪካ ማሽን እሑድ እሑድ እንዳይቆም የሠራተኛው እረፍት በየተራ ይሁን፣ አንዱ ሰኞ፣ ሌላው ማክሰኞ ይረፍ ብለሻል። ማስታወቂያውን ነገ ልትለጥፊ ነው። «ከማንም ላይ ቀን አልነጠቅኩም፤ ታዲያ ለምን አኮረፉኝ? ምን ይጎድልባቸዋል?» አልሽኝ። እኔ የፋብሪካሽ በር ጠባቂ ነኝ፣ ፊደል አልቆጠርኩም። የዚህን ሀብታም ነገር ግን ልንገርሽ።

ሃያ ስምንት ሠራተኞች ነበሩት። ጭቃ ያቦካሉ፣ ጡብ ይሠራሉ፣ እሳት ያነዳሉ። እሑድ ሁሉም ያርፋሉ፤ እሳቱም አብሮ ይበርዳል። ሰኞ ምድጃው እንደገና እስኪግል ድረስ ያን ሁሉ እንጨት ይበላል። ይህ ነገር ሀብታሙን ከነከነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር መመርመር የሚወድ ሰው ነበር እንጂ። ወደ ዳኛ ሄደና «የአገሩ ሕግ ለሠራተኛ ምን ያዛል?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛውም «በሰባት ቀን አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ ይላል» አለው።

ሀብታሙ መንገዱን ሁሉ በጣቱ እየቆጠረ ተመለሰ። ሃያ ስምንት ሰው ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን አራት ሰው ይደርሳል። አራት አራት እየሆኑ ቢያርፉ ሁሉም ቀኑን ያገኛል፣ እሳቱም አይጠፋም። ደስ አለው። በማግስቱ ይኸው ይሁን ብሎ አዘዘ።

ከሠራተኞቹ አንዱ በዚያ ሰሞን ጎጆ እየሠራ ነበር። ግድግዳው ቆሟል። በዚያ አገር ጣራ የሚሠራው መሬት ላይ ነው፤ እንጨቱ ተደርድሮ፣ ማገሩ ታስሮ ሲያልቅ ሰው ይሰበሰብና ዙሪያውን ይይዛል፤ አንዱ «ሆ!» ሲል በአንድ ትንፋሽ አንሥተው ግድግዳው ላይ ያስቀምጡታል። ጡብ ሠሪዎቹ የየአንዳንዳቸውን ጣራ እንዲህ ነበር ያነሡት፣ እሑድ እሑድ። የዚህኛው ሰው ጣራ አልቆ እሑድን ሲጠብቅ ነው ትእዛዙ የመጣው። ሚስቱ የመውለጃ ወሯ ገብቷል፤ የምታድረው ጡብ በሚደርቅበት ዳስ ጥግ ነው። ክረምቱም ደርሷል።

ሀብታሙ በበቅሎው በዚያ ሲያልፍ ጣራውን መሬት ላይ አየው። አጠገቡ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። በማግስቱ ሲያልፍ ጣራው እዚያው ነው፤ አራት ሰዎችም አሉ፣ ግን ሌሎች ናቸው። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ገረመውና በቅሎዋን አቆመ።

«እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?»

«የረቡዕ ሰዎች ነን ጌታዬ» አለ አንዱ።

«እረፍት ላይ አይደላችሁ? ለምን አታነሡትም?»

«የሰኞዎቹ ሞከሩት፤ በወዲህ ሲነሣላቸው በወዲያ ተቀመጠ። የማክሰኞዎቹም ሞከሩት፤ አንዱ ወገቡን ይዞ ሄደ።»

«የሐሙስ ሰዎችስ?»

«እነሱማ ከእኛም የከሱ ናቸው፤ ብቻ ጣራው እነሱን እንዳያነሣቸው!»

ሳቁ። ከአራቱ አንዱ ባለ ጣራው ነበር፤ እሱ አልሳቀም። ደመናውን ያያል።

ሀብታሙ እዚያው በቅሎው ላይ እንዳለ ማሰብ ጀመረ። በፊት በሳምንት ሃያ ስምንት ሰው ያርፍ ነበር። አሁንም ሃያ ስምንት ሰው ያርፋል። ሰው አልጎደለም፣ ቀን አልጎደለም። ታዲያ ጣራው ለምን መሬት ላይ ቀረ? ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ቁጥሩ ልክ ነው። ጣራውም እዚያው ነው።

ወረደ። ካባውን አውልቆ ኮርቻው ላይ ጣለና ከአራቱ ጋር ጎንበስ ብሎ የጣራውን ጠርዝ ያዘ። «ሆ!» አሉ። በእሱ በኩል ያለው አንድ ስንዝር ያህል ተነሣ፤ በወዲያ በኩል ያለው ንቅንቅ አላለም። እንደዚያ ይዞ እንደቆመ የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታ አንገቱ ላይ አረፈ።

«ሌሎቹ የት ናቸው?» አለ እያለከለከ።

ባለ ጣራው ቀና ብሎ አየው። «እርስዎ ዘንድ ናቸው ጌታዬ፤ እሳቱ ዙሪያ።»

ሀብታሙ ጠርዙን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረው። ካባውንም ሳይለብስ በእግሩ ወደ ምድጃው ሄደና «እንጨት መጨመሩን ተዉት፤ ሁላችሁም ተከተሉኝ» አለ።

የእሳቱ ኃላፊ «ኧረ ጌታዬ፣ ውስጥ ያለው ጡብ ሳይበስል ይቀራል!» ቢለው፣

«ይቅር» አለ።

ሃያ ስምንቱ ጣራውን ከበቡት፤ ሀብታሙ ሃያ ዘጠነኛ ሆነ። «ሆ!» ሲባል ጣራው እንደ ባርኔጣ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ቁጭ አለ። አንድ እንስራ ውሃ እስኪሞላ እንኳ አልቆየም። እስኪመሽ በሳር ከደኑት፤ ሴቲቱም ከዳሱ ወጥታ ቤቷ ገባች። ሀብታሙ መዳፎቹን እያየ «ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?» አለ። ያ ምድጃ ሙሉ ጡብ ተበላሸ። እሑድ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ።

እና ልጄ፣ አንቺም ስትቆጥሪ አልተሳሳትሽም። የሠራተኛው እሑድ ግን ያ ጣራ ነው። ለብቻው ያረፈ ሰው ጠርዙን ይዞ ይቆማል። ባል ሰኞ፣ ሚስት ሐሙስ ካረፉ፣ ልጆቹም በሁለቱም ቀን ትምህርት ቤት ከዋሉ፣ ማን ከማን ጋር ይበላል? እድሩ ማንን ይሰበስባል?

ደግሞ ቅድም ሕጉን ስታነቢልኝ ሃያ አራት ሰዓት የሚለውን ጮክ አድርገሽ አነበብሽው። ቀጥሎ «በተቻለ መጠን ለሁሉም በአንድ ጊዜ» የሚል ቃል ነበረ፤ እሱን ፈጥነሽ አለፍሽው። ጆሮዬ ደህና ነው።

እሑድ ጨርሶ አይነካ አላልኩም። ሊቆም የማይችል ሥራ አለ፤ የእኔው አንዱ ነው። ሠላሳ ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ አርፌአለሁ። ደጄ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። አንድም የእረፍት ቀን አልቀረብኝም። የማንንም ጣራ ግን አንሥቼ አላውቅም።

ስለዚህ ነገ ወረቀቱን ከመለጠፍሽ በፊት ማሽኖቹ ላይ ወዳሉት ሠራተኞች ውረጂ። ምን ይጎድልባችኋል ብለሽ አትጠይቂያቸው። እሑድ አብራችሁ የምታነሡት ምንድን ነው በያቸው።