እሳት ጫሪዋ

«ተረት ተረት!»
«የምድጃ ሙቀት!»

በድሮ ዘመን፥ ክብሪት የሚባል ነገር ባልነበረበት ጊዜ፥ ትብለጥ የምትባል አዲስ ሙሽራ ነበረች። ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። እሳቸው ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ይዳፍኑና ያሳድሩታል። ትብለጥን ግን እንቅልፍ ይጥላታል፥ እሳቷም ይጠፋል። ስለዚህ በየማለዳው የሸክላ ገል ይዛ ትመጣለች።

እትዬ ደብሪቱም ፍሙን እየዛቁ፦ «ልጄ፥ እስቲ አረፍ በይ። አንድ ነገር ላጫውትሽ» ይሏታል።

ትብለጥም ቆማ፦ «እሳት ልጭር ነው የመጣሁት እትዬ፥ ይከስምብኛል! ነገ ያጫውቱኛል» ትላለች።

«አይ የነገ ሰው!» ይሉና ይስቃሉ። እሷም ገሏን ይዛ ትሮጣለች። እንዲህ እንዲህ ሲባል ክረምቱ አለፈ፥ በጋውም አለፈ።

አንድ ቀን ማለዳ ትብለጥ መጣችና ምድጃውን ብትቆሰቁስ፥ አመዱ ቀዝቅዟል። እትዬ ደብሪቱ መደባቸው ላይ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ።

«እትዬ! ምን ሆኑብኝ?»

«ብርድ ብርድ ይለኛል። ማታ ለመዳፈን አቅም አጣሁ። ሂጂ ልጄ፥ ከሌላ ቤት ጫሪ። ሥራ እንዳትፈቺ።»

ትብለጥ ያን ሁሉ ማለዳ «እንዴት አደሩ» ትላለች እንጂ መልሱን ቆማ ሰምታ አታውቅም። ጋቢዋን አወለቀችና አለበሰቻቸው። በቅርብ እሳት ያለው ሌላ ቤት ስላልነበረ ወንዙን ተሻገረች። ከማዶ መንደር ፍም ለመነችና አመድ አልብሳ ተመለሰች። የራሷን ቤት አልፋ በእትዬ ደብሪቱ ምድጃ ላይ አራገፈችው። እፍ አለች፥ እፍ አለች፥ ነደደ። አጥሚት አፍልታም አጠጣቻቸው።

ከዚያም ዱካ ሳበችና ቁጭ አለች።

እትዬ ደብሪቱ ነፍሳቸው መለስ ሲል፦ «ምነው ዛሬ፥ እሳቱ አይከስምብሽም?» አሏት።

«ይክሰም እትዬ። ያን ጨዋታ ይንገሩኝ።»

ባልቴቷ አሰቡ፥ አሰቡና፦ «ረሳሁት እኮ ልጄ። ብዙ ነበር» አሉ።

ትብለጥ እንባዋን በጭሱ አመካኘች። ከዚያም፦ «እንግዲያው እኔ ላጫውትዎ» አለችና ጀመረች። ፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ አልተነሳችም። ከዚያ ቀን ወዲያም ገሉን ደጅ እያስቀመጠች፥ መጀመሪያ ዱካውን ትስብ ነበር።

ዛሬ ክብሪቱ በየቤቱ ሞልቷል፥ ገል ይዞ የሚመጣ ጎረቤትም የለም። አነጋገሩ ግን ቀርቶልናል። ደጃፍ ላይ ቆሞ «ደህና ናችሁ?» ብሎ የሚሮጠውን ሰው፦ «ምነው፥ እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው?» እንለዋለን። ይስቃል። እኛ ግን ናፍቀንሃል፥ ቁጭ በል ማለታችን ነው።

ተረቱ ለእናንተ፥ ዳቦው ለእኔ፤
አጉርሱኝና ቁጭ በሉ ከጎኔ።