የአንጓች ጉርሻ

ድሮ ድሮ፣ ዛሬ የምንኮራበት ደብር ገና የሳር ክዳን ሳለ፣ ከወንዙ ማዶ አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ስሙኝ ልጆቼ፤ የሚጣፍጥ ተረት አይደለም።

ያገሩ ሰው በእንስራዋ ውሃ ይቀዳል፤ በድስቷ ወጥ ይሠራል። እሷን ግን ቡዳ ናት ብሎ ከማዕድ አያቀርባትም። ጉሮሮው ሲያብጥ ደግሞ ወደ እሷ ይሮጣል። አንጓች እጇን ታጥባ ጣቷን አፍ ውስጥ ታስገባለች። ጭቃ ስትዳስስ የኖረች ጣት ናት። እብጠቱ ከለሰለሰ መግል ቋጥሯል፤ ወስፌዋን በእሳት አግላ ትወጋዋለች። ከጠነከረ ቆዩ ትላለች። እንደ ልብ ከመታ አትነካውም።

መጀመሪያ የውዲቱን ልጅ አመጡላት። ልጁ ምራቁን መዋጥ አቅቶታል፤ ትንፋሹ ሊቆም ነው። ዳሰሰች፤ ለስላሳ ነው። ወጋችው፤ መግሉ ወጣ፤ ልጁ አለቀሰ።

ውዲቱ እግሯ ላይ ወደቀች። "ምን ልስጥሽ?"

"ምንም አልፈልግ፣ እቴ። ለሚካኤል ዝክርሽ አንዴ አጉርሽኝ።"

ውዲቱ እሺ አለች። የዝክሩ ዕለት ግን እህሉን ከአንጓች ደጅ ጥላላት ሄደች እንጂ አላጎረሰቻትም።

ቀጥሎ ግራዝማች ጓንጉል መጡ። ጉሮሯቸው በአንድ ወገን አብጧል። ዳሰሰች፤ ይመታል።

"ጌታዬ፣ ይሄ መግል አይደለም፤ ደም ነው። ማንም እንዳይነካብዎ።"

ናቀችኝ ብለው ተቆጡ። ቤታቸው ገብተው በአሽከራቸው አስወጉት። ደሙ አልቆም ብሎ ሞቱ። አገሩም "አንጓች በላቻቸው" አለ። ያስጠነቀቀቻቸው እኮ እሷ ናት!

በመጨረሻ የራሷ ጉሮሮ አበጠ። ወንዙን ተሻግራ ውዲቱ ደጅ ተቀመጠች። ድምፅዋ ታፍኗል።

"ዳስሼዋለሁ፤ ለስላሳ ነው። የራሴን መውጋት ግን አይሆንልኝም። እባክሽ ወስፌውን ያዢልኝ፣ እቴ።"

ውዲቱ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ አየ። የአንጓች ጣት ያልገባበት አፍ አልነበረም፤ ጣቱን አፏ ውስጥ የሚያስገባ ግን አንድ ሰው እንኳ ጠፋ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ታፍና ሞተች።

ይኸው እስከ ዛሬ በድግሳችን የመጀመሪያው ጉርሻ በገል ተደርጎ ደጃፍ ይቀመጣል። "ለአንጓች" እንላለን። ያስጀመረችው ውዲቱ ናት ይባላል። ውለታ ሲበላም "ጣቷ ገባ፣ ጉርሻዋ ቀረ" እንላለን።

ደግ ሥርዓት ነው ትሉ ይሆናል። ጉርሻውን የሚበላው ውሻ ነው። ለሞተ ሰው ማጉረስ ምን ይከብዳል? ከወንዙ ማዶ ዛሬም ሸክላ ሠሪዎች አሉ፤ በድግሳችን ቀን የሚጠራቸው የለም።