ከመስቀል በኋላ በእግሩ የመጣው ፈረሰኛ

አንድ በፈረስ ወዳድነቱ የታወቀ አገር ነበር። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ ኮርቻ ከፈረስ ጀርባ ይወርድና ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃው በላይ ጢስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። ፈረሱም ሦስት ወር ሙሉ ለምለም ሣር ላይ ይለቀቃል። ጭቃ ላይ የሚጋልብ ሰው የፈረሱንም እግር የራሱንም አንገት ይሰብራል ይላሉ። የመስቀል ማግስት ፈረሰኛው ሁሉ እንደገና ወደ ሜዳ ይወጣል። የዚያን ቀን ቀስ ብሎ የሚሄድ የለም። ሣር ሲግጥ ከርሞ ቆዳው ቅቤ የጠጣ የሚመስለውን ፈረስ ይዞ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መጋለብ ነው ልማዱ። አገሬው የፈረስን ጉልበት የሚለካው በቆዳው ማብረቅረቅ ነበርና፣ የወፈረው ሁሉ የበረታ ይመስለዋል።

የፈረሰኞቹ አለቃ እንዳላማው ይባል ነበር። ዕድሜው አርባን ተሻግሯል። አለቃነቱ በዘርም በሀብትም አይገኝም። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ በፈረሰኞች በዓል ዋዜማ፣ ሽማግሌዎች በሜዳው ጫፍ አጎዛ አንጥፈው በተርታ ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸው በአመድ መስመር ይሰመራል። አለቃ መሆን የሚፈልግ ከሩቅ ሽምጥ እየጋለበ ይመጣና ፈረሱን አመዱ ላይ ያቆማል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንኳ ደንግጦ ከመቀመጫው ከተነሳ ፈረሰኛው ወደቀ ማለት ነው። ማስሮጡንማ ማንም ያስሮጣል። እንዳላማው ይህን ፈተና ሰባት ዓመት በተከታታይ አልፎ በበዓሉ ቀን ከሁሉ ፊት ይጋልብ ነበር። ያቺን የፊት ቦታ እንደ ነፍሱ ይወዳታል።

በስምንተኛው ዓመት የመስቀል ማግስት ግን ጉድ ሆነ። እንዳላማው ዳማ ፈረሱ ላይ ወጣ፣ እንደ ልማዱ ጋለበ፣ ሜዳውን ሳያጋምስ ወደቀ። በዚያ አገር እርካብ የሚያዘው በባዶ እግር አውራ ጣት ነው፤ ክረምቱን በጭቃ ውኃ የራሰው የእግሩ አውራ ጣት ቆዳ ግን እርካቡን መቆንጠጥ አቅቶት ነበር። ጭኑም ላልቶ ነበር። ልጓሙን ሲስብ ፈረሱ አንገቱን ጠምዝዞ በፈለገበት አቅጣጫ ሄደ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ያን ቀን ያልተናገረ የለም። አንዱ ሰውዬው አረጀ አለ፤ ሌላው ሰውዬውም ፈረሱም አረጁ አለ። ስጦታው የሚባል ወጣት ፈረሰኛ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ በጥቁር ፈረሱ አጠገቡ ሽው ብሎ አለፈ። ለእንዳላማው ከተባለው ሁሉ የባሰበት ይህ ነበር።

ሳምንት ሙሉ ሰው ወደማያየው ሸለቆ እየወረደ ሞከረ። ሲናደድ ልጓሙን ይስባል፤ ሲስብ ፈረሱ ይበረግጋል፤ ሲበረግግ ደግሞ ይናደዳል። ሚስቱ ጥሩዓለም ያበጠ ትከሻውን እያሸች፣ ፈረሱስ ሣር ሲበላ ከረመ፣ አንተ ምን በልተህ ነው እንዲህ የላላኸው እያለች ትቀልድበት ነበር። በኋላ ቀልዱ እንደማያስቀው ስታይ፣ አባ ይስማው እኮ በሕይወት አሉ አለችው።

አባ ይስማው እንዳላማውን ፈረስ ያስተማሩት ሽማግሌ ናቸው። እንዳላማው ወደ እሳቸው የሄደው እስከዛሬ ያልነገሩት አንዳች ብልሃት ይኖራል ብሎ ነው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ በማግስቱ ጠዋት ፈረሱን በገመድ እየሳበ፣ በእግሩ ወደ ሜዳ እንዲመጣና ጀማሪዎቹ ከሚማሩበት ቦታ እንዲቆም አዘዙት።

እንዳላማው ደሙ ፈላ።

«አባ፣ እኔ እኮ ሰባት ዓመት አለቃ የነበርኩ ሰው ነኝ» አላቸው።

«እሱ የአምናው እንዳላማው ነው፤ ፈረሱ የሚሸከመው የዘንድሮውን ነው» አሉት።

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚለውን ብሎ ጨርሷል፣ ልጄ። የቀረው የአንተ መማር ነው።»

ተቆጥቶ ወጣ። ቤቱ እስኪደርስ ሽማግሌውን በልቡ ሲሟገት ሄደ፤ ግን አንድም የሚረታበት ነገር አላገኘም። በማግስቱ ጠዋት ዳማውን በገመድ እየሳበ በእግሩ መጣ።

ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በዚያ አገር ፈረስ እየሳበ በእግሩ የሚሄድ ሰው ፈረሱን ሊሸጥ ገበያ የሚወስድ ብቻ ነው። መንገደኛው ሁሉ ስንት ትለዋለህ እያለ አላገጠበት። እንዳላማው መጀመሪያ አንገቱን ደፋ። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ባለቤቱ ገና አልተስማማም እያለ ወደ ፈረሱ ያመለክት ጀመር፤ ሰዉም በእሱ ላይ መሳቁን ትቶ ከእሱ ጋር መሳቅ ያዘ።

አባ ይስማው ሃያ ቀን ሙሉ ኮርቻ አላስነኩትም። ከፈረሱ ጎን ሃያ እርምጃ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ በረዥሙ ይተነፍሳል። ገመዱን መሳብ የለም፤ ፈረሱ ራሱ እስኪቆም መጠበቅ ነው። የጥቅምት ብርድ ያቀዘቀዘውን ልጓም ፈረሱ አፍ ውስጥ ከማግባቱ በፊት በብብቱ ያሞቀዋል። ዱሮ የሚያደርገው ነገር ነበር፤ አለቃ ከሆነ በኋላ ግን ጊዜ አጥቶ ትቶታል። ቀጥሎ ያለ ኮርቻ ፈረሱ ላይ ተቀመጠ። አባ ይስማው መሐል ቆመው ገመዱን ይዘው እንደ ማንኛውም ጀማሪ በክብ አዞሩት። ጀማሪዎቹም የአገሩን አለቃ ሲያዩ በራሳቸው ውድቀት ማፈር ተዉ። ከዚያ ኮርቻውን መለሱለት፤ ኅዳር ሲያልቅ ጭኑ ጠነከረ፣ የጣቱ ቆዳ ደደረ። አባ ይስማው ግን አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ አላሉትም።

ስጦታው በዚህ ሁሉ ጊዜ በየቀኑ ሽምጥ ይጋልብ ነበር። ኅዳር ላይ የጥቁሩ ፈረስ የክረምት ውፍረት ቀለጠ፤ ጀርባውም ተላጠ። ስጦታው ቁስሉ ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ ጣለበትና ኮርቻውን ጭኖ ቀጠለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉትን ሰዎች ቀናተኞች አላቸው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ስጦታው ቀድሞ ወጣ፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ የሚፈጥን ፈረስ በአገሩ ታይቶ አያውቅም። አመዱ ጋ ሲደርስ ልጓሙን ሳበ። ጀርባው የተላጠው ፈረስ ኮርቻው ሲጫነው ቁስሉ ነዘረውና ከመቆም ይልቅ ወደ ፊት ዘለለ። ሽማግሌዎቹ አጎዛቸውን ትተው ወዲያና ወዲህ ተበተኑ።

እንዳላማው ተከተለ። የስጦታውን ያህል አልፈጠነም። አመዱ ሃያ እርምጃ ሲቀረው በኮርቻው ላይ ቀና አለና በረዥሙ ተነፈሰ። ዳማው እርምጃውን ሰበሰበ፣ ሰበሰበና የፊት እግሮቹን አመዱ ላይ አሳርፎ ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉልበቱን ስለሚያመው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ያን እግሩን እንኳ አልሰበሰበም።

ስጦታው ከፈረሱ ወርዶ ቁስሉን ሲያይ ዕንባው መጣ። ከዚያ ወደ እንዳላማው ሄደና፣ «ጋሼ እንዳላማው፣ ይህን ማቆም ለመማር ስንት ዓመት ፈጀብዎ?» ሲል ጠየቀው።

«ሦስት ወር» አለው እንዳላማው። «ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ ክረምት ወስዶብኝ ነበር። እሱን ማመን ነው የከበደኝ።»

በሚቀጥለው ዓመት የመስቀል ማግስት አገሬው እንደ ልማዱ ግልቢያ ሊያይ ወጣ። እንዳላማው ዳማውን እየሳበ በእግሩ መጣ። ቀጥሎ ስጦታው ጀርባው የዳነለትን ጥቁር ፈረስ እየሳበ መጣ። ከእሱ ኋላም ሌሎቹ ፈረሰኞች፣ ያዘዛቸው ሳይኖር፣ በእግራቸው ተራ በተራ ወደ ሜዳው ገቡ።

በሕይወታችን ክረምት የማይገባበት ሙያ የለም። ሕመም ይመጣል፣ ሐዘን ይመጣል፣ ልጅ ይወለዳል፤ የምንወደውን ሥራ እናቆማለን። ስንመለስ እጃችን እንደ ድሮው አይታዘዝም። እንደገና መጀመር ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከባዱ፣ ትልቅ ሆነን ባዩን ሰዎች ፊት ትንሽ ሆኖ መጀመር ነው። ይህን የቻለ ሰው ካልወደቀው ሰው ይልቅ ሊደነቅ ይገባዋል።

እርስዎስ፣ ያቋረጡትን ነገር እስከ ዛሬ ያልጀመሩት ስለማይችሉ ነው? ወይስ ሲጀምሩ የሚያይዎትን ሰው ፈርተው?