በቀቀኑን ማን በላው?

አንድ ሰው ነበረ፤ ወፍ የሚያሳድግ።

ተቀመጪ፣ ውድነሽ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፤ ሁለቴ ነግረሽኛል፣ ሦስተኛው አያስፈልግም። «ባሌ ቤት ውስጥ እያለ የለም። አይስቅም፣ አያወራም፣ ቀርቦ አይበላም። ማን አዞረብኝ? እናቱ ናት ወይስ ያቺ የመሥሪያ ቤቱ ሴት? ጋሽ ዘውገ፣ እርስዎ የስንቱን ትዳር ያስታረቁ ሽማግሌ ነዎት፤ ይንገሩኝ» ብለሻል። ልነግርሽ ነው። ግን እኔ ስናገር መሐል መግባት የለም። ነገሬ ከተቆረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ነው የምነሣው፣ ያን ጊዜ ይመሽብሻል።

አንድ ሰው ነበረ አልኩሽ። ሀብታም ነው፣ የእህል ነጋዴ። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጆቹም ትዳር ይዘው በየፊናቸው ሄደዋል። በዚያ በትልቁ ቤት የቀሩት እሱና ሁለት ትንንሽ በቀቀኖች ናቸው። በሽቦ ቤት የሚያሳድጓቸውን ታውቂያለሽ አይደል? ከድንቢጥ ትንሽ ከፍ የሚሉ፣ ማንቁራቸው ወደ ታች የታጠፈ። ወንዱ ሰማያዊ ነው፣ ሴቷ አረንጓዴ። ያሳደገቻቸው ሚስቱ ናት። ወንዱ ደግሞ ይናገራል። ሚስትየው ባሏን ለምሳ ስትጠራ «አንተዬ፣ ቀዘቀዘ እኮ!» ትል ነበርና ወፉ ቃሏን ከነድምፅዋ ለቀመው። እሷ ከሞተች በኋላም ቀን በቀን «አንተዬ፣ ቀዘቀዘ እኮ!» ይላል። ሰውየው ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ይበላል። ካልሰማ አይበላም። እንግዲህ ያ ወፍ ለዚህ ሰው ምኑ እንደሆነ አንቺው ፍረጂ።

ጎረቤት አለችው። ዶሮ አርቢ ናት፣ ድምፅዋ የሚያስተጋባ፣ ልቧ ግን የዋህ። ሚስትየውን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመች እሷ ናት፤ ከቀብሩም በኋላ ሰውየው ብቻውን ነው ብላ ወጥ እየሠራች ትወስድለታለች። አንድ ቀን ድስቷን ይዛ ገባችና ወፉን አየችው። «ውይ! እንዴት ያምራል! ላባው ሐር አይደል እንዴ!» አለች፣ ድስቱን አስቀመጠች፣ ወጣች። «ከዓይን ያውጣው» አላለችም። ቱ ቱ አላለችም። ድስቱ እጇን እያቃጠላት ነበርና ረሳችው።

ብዙም ሳይቆይ በወፉ ማንቁር ጥግ ነጭ ነገር ታየ። ሰውየው የእህል ነጋዴ ነውና ዱቄት መሰለው። በጣቱ ቢጠርገው አልለቅ አለ። እየሰነበተ ያ ነጭ ነገር ቅርፊት ሆነ፤ ከማንቁሩ ወደ አፍንጫው ወጣ፣ ከአፍንጫው አልፎ የዓይኑን ዙሪያ ያዘ። ወፉ ፊቱን ከሽቦው ጋር ሲያሽ ይውላል። «አንተዬ» ማለቱንም ተወ።

ሰውየው ቁጭ ብሎ አሰበ። ወፉ ምን ሆነ ብሎ አይደለም ያሰበው፤ ማን አየው ብሎ ነው። አሰበ፣ አሰበና አገኘው። «ያቺ ሴት! እንዴት ያምራል ብላ፣ ከዓይን ያውጣው ሳትል የወጣችው! በላችብኝ!»

ይኸው ነው፣ ቡዳ ሆነች። ያን ሁሉ ዘመን ጎረቤቱ ስትሆን ቡዳ አልነበረችም፤ በዚያች ቀን ጠዋትም አልነበረችም፤ ከሰዓት በኋላ ሆነች። ሰው ጥፋተኛ ሲፈልግ ሩቅ አይሄድም ልጄ፤ ወጥ የሚያመጣለትን ነው የሚይዘው።

የሠራውን ስሚኝማ። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርት በሽቦው ዙሪያ ሰቀለ። ቀጥሎ ክታብ አስጻፈ። ክታቡ ከወፉ ይከብድ ነበርና አንገቱ ላይ ማሰሩ ቀርቶ ከሽቦው ጋር ታሰረ። ከዚያ የቡዳ መድኃኒት የሚባለውን ቅጠል አምጥቶ ከሥሩ አጤሰ፤ ሰው በቡዳ ሲበላ በጭስ እየታጠነ «ማን በላህ? ተናገር!» እየተባለ እንደሚለፈልፍ ሰምቷላ። ወፎቹ በጭሱ ታፍነው ይንፈራፈራሉ፣ እሱ ማራገቢያውን ይዞ «ማን በላህ? ተናገር!» ይላል። ወፉ ዝም። «ማን በላህ? ተናገር!» አሁንም ዝም። ይህን ነገር በየቀኑ አደረገው። በመጨረሻ ወፉ ተናገረ። በሰለለች ድምፅ ሰውየውን አየት አድርጎ «ማን በላህ? ተናገር!» አለው።

ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ያፍር ነበር። እሱ ግን «ቡዳዋ ናት እኔን የምትመረምረኝ» ብሎ ፈራ። ፈራና የመጨረሻውን ጥፋት አጠፋ፤ ሌላ ዓይን እንዳይደርስበት ብሎ የወፎቹን ቤት በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ሸፈነው። ራሱም አያይም። «የገዛ ዓይኔስ ቢሆን ማን ያውቃል?» እያለ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ እጁን ብቻ በጨርቁ ሥር አስገብቶ ነው ውሃና ዳጉሳ የሚያስቀምጠው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ይሄ ደግሞ በሽታውን ከነበሽተኛው ደበቀ።

በጨርቁ ሥር ቅርፊቱ አደገ። ማንቁሩ ከሥሩ ስለተበላ እየተጣመመ ሄደ፣ ዳጉሳዋን መፈልፈል አቃተው። ሰውየውም ከላይ ተቀምጦ ይከሳል። የሚጠራው ድምፅ የለማ! እንግዲህ ሁለቱም፣ አንዱ ከጨርቁ በታች ሌላው ከጨርቁ በላይ፣ በረሃብ ሊሞቱ ነው።

ጎረቤትየዋ ወጥ ይዛ ስትመጣ በሩን ዘግቶ «አልራበኝም!» ይላታል። ሐዘኑ ገና አልወጣለትም ብላ ትመለሳለች። አንድ ቀን ግን ወጧን ይዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ሴቶች «የሰውየውን ወፍ በላሽበት አሉ» አሏት። ድስቷን አላስቀመጠችም፤ እንደያዘችው መጣች። በሩን በእግሯ ብላ ገባች።

«እኔ ነኝ ወፍ የምበላው?» አለች። «ግቢ ሙሉ ዶሮ እያለኝ ጣት የማያህል ወፍ ልብላ? አንድ ጉርሻ እንኳ አይሞላ! ሚስትህ በእጄ ላይ ስትሞት ቡዳ ያልሆንኩ፣ ዛሬ ለወፍ ስል ልሁን?»

ሰውየው ዓይኗን እንዳያይ እጁን ፊቱ ላይ ጋርዶ ቆመ። ያኔ ከጨርቁ ሥር አንዲት የደከመች ድምፅ «ማን በላህ? ተናገር!» አለች።

ሴትየዋ ድስቷን መሬት ላይ አኖረችና ወደ ጨርቁ ሄደች። «አትግለጪው!» ብሎ ጮኸ። እሷ ግን ይዛ ሳበችው፤ ጨርቁ ከነነጭ ሽንኩርቱ ወረደ። የመስኮቱ ብርሃን ወፉ ላይ አረፈ።

«አንተ፣ ይህን ወፍ ከመቼ ወዲህ ነው ያላየኸው?» አለችው።

ሰውየው እጁን ከፊቱ አወረደና አየ። ፊት የሚባል የለም፤ ቅርፊት ብቻ ነው። ማንቁሩ ወደ ጎን ሄዷል፣ እግሮቹም ሻክረዋል፣ አንድ ዓይን ብቻ በስንጥቁ ታያለች። ሰውየው እንደ ልጅ አለቀሰ። አለቀሰና «ምን ሆነ?» አለ። ልብ በዪ ውድነሽ፣ ከዚያ ሁሉ ግርግር በኋላ «ምን ሆነ» ሲል የመጀመሪያው ነው።

«የዶሮዎቼን እግር የሚያሻክረውን እከክ ይመስላል» አለች። «እኛ ለእግራቸው ነጭ ጋዝ እንቀባቸዋለን። ጋዝ አለህ?» ሊያመጣ ሮጠ። እግዜር ሲያወጣው ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሁለቱን ወፎች ከነቤታቸው ተሸክመው ወደ እንስሳት ሐኪም ሄዱ።

ሐኪሙ ከበሬና ከበግ በቀር ይዞለት የሚመጣ ሰው ስለሌለ ወፍ ሲያይ ደስ አለው። ወፉን በፎጣ ይዞ በማጉያ መነጽር ተመለከተው። ሁለቱንም ጠርቶ አሳያቸው፤ ቅርፊቱ ሁሉ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው፣ ልክ የእንጀራ ዓይን።

«ይህ ቀዳዳ የቅንቅን መኖሪያ ነው» አለ። «ያለ መሣሪያ የማትታይ ቅንቅን ናት፤ ቆዳውን ሰርስራ ትገባና እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ትፈለፍላለች።»

ወፉ «ማን በላህ? ተናገር!» አለው።

«ቅንቅን!» አለው ሐኪሙ፣ ሳይስቅ።

ሰውየው ግን ጥፋተኛ መፈለጉን የት ይተዋል! «ከማን ያዘው?» አለ።

«ብዙ ጊዜ ገና ጫጩት ሳሉ ከእናታቸው ነው የሚጋባባቸው። ተደብቃ ትኖርና ወፉ ሲደክም ትወጣለች።»

«እናቱ ማን ናት?»

«ጋሼ» አለ ሐኪሙ፣ «እናቱን አስረን ልናመጣ ነው ወይስ ወፉን እናክም?»

ያን ጊዜ እናቱን ተዋትና «ለበሬዬ የተሰጠ የእከክ መድኃኒት ተርፎኝ ቤት አለ፣ ላምጣው?» አለ። ሐኪሙ ወፉን በትንሿ ሚዛን ላይ አስቀመጠና አሳየው፤ ከእንቁላል ይቀላል። «በበሬ ልክ ከሰጡት ከቅንቅኑ በፊት ወፉ ይሞታል። ይህ እንደ ክብደቱ ተመጥኖ ነው» ብሎ፣ የማጅራቱን ላባ ገለጥ አድርጎ አንዲት ጠብታ ቆዳው ላይ ጣል አደረገ። ነጭ ጋዝ የሚባል ወደ ወፍ ፊት እንዳይቀርብ፣ ቅርፊቱንም በጥፍር እንዳይነቅሉት አስጠነቀቀ፤ ቅንቅኗ ስትሞት በራሱ ይረግፋል አለ። የተጣመመውንም ማንቁር በጥንቃቄ አስተካከለለት።

ከዚያ «ሴቷን አምጡ» አለ።

«ሴቷ ንጹሕ ናት!» አለ ሰውየው። «ፊቷን ይዩት፣ አንድ ነገር የለባትም።»

«አንድ እንጨት ላይ አይደል የሚያድሩት? ባይታይባትም እሷም ትታከማለች» አለና ለእሷም ጠብታዋን አደረገላት። የቆሙበትን እንጨት አቃጥላችሁ አዲስ አድርጉ፣ ቤቱን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ፣ ይህች ጠብታ ያልነካቻቸው የቅንቅን እንቁላሎች ይፈለፈላሉ አላቸው።

ተመለሱ። ቅርፊቱ እየረገፈ ፊቱ ወጣ። ወፉ ዳነ። ሰውየው ያፈረውን አፍሮ፣ ጎረቤቱን ይቅርታ ለመጠየቅ በገዛ እጁ ወጥ ሠርቶ ወሰደላት፤ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። ቀመሰችውና «ይህንስ ቡዳም አይበላው» አለችው። ታረቁ።

እንግዲህ ውድነሽ፣ አሁን ልመልስልሽ። ያ ወፍ ባልሽ ነው። አትሳቂ። ያ ዝምታው ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ የሚበላው ነገር አለ። አንቺ ግን እናቱ ናት፣ ያቺ ሴት ናት እያልሽ ነጭ ሽንኩርት ትሰቅያለሽ። በየማታው «ማን ናት? ተናገር!» እያልሽ ታጤሺዋለሽ፤ የታፈነ ሰው ደግሞ ይንፈራፈራል እንጂ አይናገርም። ያዞረብሽ ሰው የለም እያልኩ አይደለም፤ ሊኖርም ይችላል፣ እኔ በቤታችሁ አልነበርኩም። ምናልባት ግን ታሞ ይሆናል። ምናልባት ከሥራው ሊያስወጡት ይሆናል። ምናልባትም አንዳች ነገር አሳፍሮት ይሆናል። መጀመሪያ ግለጪና ፊቱን እዪው፤ ከዚያ «ምን ሆንክ?» በዪው። «ማን» የሚለውን ለኋላ አቆዪው፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ላያስፈልግሽ ይችላል። ጠብታው ደግሞ ለእሱ ብቻ ነው ብለሽ እንዳታስቢ፤ አንድ ቤት ነው የምታድሩት።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል ወይስ አልጠቆረም? ጉንጩ ጎድሏል ወይስ እንዳለ ነው?

አታውቂም። አታልቅሺ፣ ለመቆጣት አይደለም የጠየቅሁሽ።

ምን አልሽ? «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው»?

እንግዲያውስ አልጋውን ከግድግዳው ሳቢና በዚያ በኩል ዙሪ።