ሸማኔው፣ ታብሌቱና በቅሎዋ

አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ጋሽ አንጁሎ ይባላል። ኧረ እንዴት ያለ ሸማኔ! እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን አንዴ መወርወር ከጀመረ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። በእሱ ጥበብ ያልተዳረች ሴት ሰፈሩ ውስጥ ብትፈለግ አትገኝም።

ይህ ሰው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አለው። ትልቁ መርክነህ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ስልክ ከጆሮው አይለይም፣ ጆሮው ላይ የበቀለ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ጴጥሮስ የቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነው የሚሄደው። የመጨረሻዋ እታፈራሁ ናት፣ የአባቷ ዓይን። እሷ ነች የምትዳረው!

አባት ለእሷ አንድ ቃል ገብቶላት ነበር። በጎረምሳነቱ ለእናቷ የሠራላት የሠርግ ጥበብ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ የዚያን ዓይነት ጥለት ለማንም ደግሞ አልሠራም። ሴትየዋ ስትሞት "እሱን አልብሱኝ" ብላ ስለነበር እሱኑ ለብሳ ተቀበረች። ታዲያ ጋሽ አንጁሎ ልጁን "የእናትሽን ጥለት ሠርቼ ነው የምድርሽ" አላት። ማሳያ የቀረው ምንድን ነው? አንዲት ፎቶ ብቻ! እናትየዋ ጥለቱን ወደ ፊት ዘርግታ የተነሳችው፣ መዳፍ የማታህል ፎቶ። የሰውየው ዓይን ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። መነጽር በመነጽር ላይ ቢደርብም የሚታየው ቀዩና ቢጫው ተቀላቅሎ ነው።

በዚህ መሐል የእታፈራሁ እጮኛ ሽማግሌ ላከ። ልጁ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲለጥፍ ይውላል፣ እጁ ግሪስ፣ ልቡ ማር! ለአባት ጋቢ እንዳይልክ ለሸማኔ ጋቢ ማን ይልካል? አስቦ አስቦ አንድ ታብሌት ገዝቶ ላከ። ሽማግሌዎቹም "ለአባባ ዓይን ያግዛል ብሎ ነው" አሉና ሰጡት።

ሽማግሌዎቹ ወጥተው በሩ ገና ሳይዘጋ ወንድማማቾቹ በሳቅ ፈረሱ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ መርክነህ እያገላበጠ። "ስልክ ነው እንዳልል ኪስ አይገባ!"

"ላፕቶፕ ነው እንዳልልም መጻፊያ የለው" አለ ጴጥሮስ። "የሌሊት ወፍ በለው! ወፍ ነኝ እንዳይል ጥርስ አለው፣ አይጥ ነኝ እንዳይል ክንፍ አለው።"

"ምን ታደርገዋለህ፣ ጎሚስታ የመረጠው ነው። አየሩ ሲወጣ መጥቶ ይነፋልናል!"

እታፈራሁ እንባዋ ግጥም አለ። ወንድሞቿ "ሱቅ እንመልሰውና በሌላ እንለውጠው" ሲሉ አባት "የሰው ስጦታ አይመለስም" አለና ታብሌቱን የጥጥ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በቃ፣ እዚያው ተረሳ።

ሥራው ተጀመረ። ጴጥሮስ ፎቶዋን ቢሮ ወስዶ ስካን አደረገና ለሁሉም ላከላቸው፤ እዚህ ላይ ይመስገን። መርክነህ "ስልኬ እያለ ምን ችግር አለ!" ብሎ ጉድጓዱ ዳር ቁጢጥ አለና ስልኩን ለአባቱ ያዘለት። ጋሽ አንጁሎ ክሩን መቁጠር ጀመረ። "አንድ ቀይ፣ ሦስት ቢጫ፣ አንድ..." ኪርርር! ስልኩ ጮኸ፣ ፎቶው ጠፋ።

"ሃሎ! አዎ! ሽንኩርቱ ገባ? አንተ ሰውዬ፣ የበሰበሰውን ለየው ብዬህ አልነበር!"

ፎቶው ተመልሶ ሲመጣ አባት የት ጋ እንደደረሰ ጠፍቶታል። እንደገና ከአንድ! ደግሞስ ስልክ ጠባብ አይደል? ጥለቱን ሲያሰፉት ግራና ቀኙ ያመልጣል፣ ሲያጠቡት ክሩ አይታይም። ጋሽ አንጁሎ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ስንዝር ሠርቶ ያችኑ ስንዝር መልሶ ፈታት።

"ድሮስ ስልክ ምን ያውቃል!" አለ ጴጥሮስ፤ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። እሰይ፣ ይሄስ ሰፊ ነው፣ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል! ግን የት ይቀመጥ? የሸማኔ ቤት ጠረጴዛ የለውም። ሸማኔ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ከፊቱ ያለው የተወጠረ ድር ብቻ ነው። በርጩማ ላይ አድርገው ጎኑ ቢያስቀምጡለት፣ ሽማግሌው አንገቱን ባዞረ ቁጥር እጁ ክር ይስታል። በመጨረሻ ምን ሆነ መሰላችሁ? ዕድሜውን ሙሉ መነጽሩንም የክር ጥቅሉንም ድሩ ላይ ጣል ማድረግ የለመደ ሰው፣ ሳያስበው ላፕቶፑን አንስቶ ድሩ ላይ ቁጭ አደረገው! ድሩ ጎበጥ አለ፤ ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ! ክሮቹ ተበጠሱ፣ ላፕቶፑም ጉድጓድ ገባ፤ የአባት እግር ላይ።

"ወይኔ ላፕቶፔ!" አለ ጴጥሮስ።

"እግሬንስ አትጠይቅም?" አለ አባት።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጋሽ አንጁሎ የተበጠሰውን ድር አየ፣ እጁን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ። "እታፈራሁዬ፣ በቃ ከገበያ እንግዛ። ቃሌን በላሁ" አላት። አስቡት እንግዲህ! የሰፈሩን ሴት ሁሉ አልብሶ የዳረ ሰው፣ የገዛ ልጁ የሌላ ሰው ሥራ ለብሳ ልትወጣ!

እታፈራሁ አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ከረጢቱን ከግድግዳ አወረደችው።

"አባባ፣ አንተ ድሩን ቀጥል። ሌላውን ለእኔ ተወው።"

"እንዴት አድርጌ ልጄ? ዓይኑን ከየት ላምጣው?"

"ቀጥል አልኩህ እኮ!"

የተበጠሰ ድር ይቀጠላል፤ ቀጠለው። እሷ ታብሌቱን ቻርጅ አደረገች፣ ጴጥሮስ የላከላትን የእናቷን ፎቶ ከፈተችበት፣ በጥጥ ገመድ ግራና ቀኝ ጠፍራ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ አንጠለጠለችው። ልክ በአባቷ ግንባር ትይዩ፣ ከድሩ ከፍ አድርጋ፣ እንደ መስኮት! ቀላል ስለሆነ ገመዱ እንኳ አልተወጠረም። አይጮህ፣ "ሃሎ" አይባልበት፣ ቦታ አይፈልግ። ሰውየው ሁለት እጁ ነፃ ነው፤ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ጥለቱ ይሰፋል፣ ዳርና ዳሩም አያመልጥም።

ጋሽ አንጁሎ አየት አደረገና ጣቱን ፎቶው ላይ አሳረፈ። ከዚያ "ኧረ እሷ ናት! ኧረ ራሷ ናት!" ብሎ ጮኸ። መወርወሪያው ተነሳ፤ ወዲያ ሲሉት ወዲህ! ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ተሰበሰበ፣ አንዷ እልል ትላለች፣ አንዷ "ጋሽ አንጁሎ ጎረምሳ ሆነ!" ትላለች። እንዲያ ያለ ደስታ እዚያ ቤት ከታየ ስንት ዘመኑ!

በሦስተኛው ቀን መወርወሪያው ድንገት ቆመ። እታፈራሁ ሮጣ ስትመጣ አባቷ እንባው እስኪፈስ ይስቃል።

"ምን ሆንክ አባባ?"

"ነይ እዪ። ሁሉም ጋ ሦስት ቢጫ ነው፣ እዚህች ጋ ግን ሁለት ናት። ያኔ ስሠራው እናትሽ በበራችን አለፈች፤ ዓይኔ እሷን ተከትሎ ሲሄድ ነው የሳትኩት። እስከ ዛሬ አላወቅሁም እኮ!"

"እሷስ?"

"ያን ሁሉ ዓመት ለብሳው እንዴት አታውቅ! የሸማኔ ሚስት ክር መቁጠር ይጠፋታል? አንድ ቀን ግን ትንፍሽ አላለችም።" ዓይኑን ጠረገ። "በይ እንግዲህ፣ የአንቺን ላስተካክለው።"

"እንዳትነካው!" አለች እታፈራሁ። "እኔ የምፈልገው ሁለቷን ቢጫ ነው።"

ሁለት አድርጎ ሠራት።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ጥበቡ አልቆ ተዘረጋ። ወንድማማቾቹ አዩት፤ የእናታቸው ጥለት፣ ቁልጭ ብሎ! ከዚያ ቀና ሲሉ የሌሊት ወፍ ያሉት ታብሌት ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። አባት ጠራቸው።

"መርክነህ፣ ፈረስ ለምን ይሆናል?"

"ለሜዳ፣ ለግልቢያ።"

"ጴጥሮስ፣ አህያስ?"

"ለጭነት ነዋ አባባ።"

"እኔ ከተራራው አገሬ ስወጣ ገደሉን ያወጣችኝ ማን ናት?"

"በቅሎ" አሉ ሁለቱም።

"በቅሎ ፈረስ ናት?"

"አይደለችም።"

"አህያ ናት?"

"አይደለችም።"

"ታዲያ ገደል መሐል ላይ ደርሼ፣ 'አንቺ ፈረስም አህያም አይደለሽም' ብዬ ልውረድላት ኖሯል? ያ ጎሚስታ የምትሉት ልጅ ፎቶዋን ከዓይኔ አስጠግቼ ስታገል አንዴ በበራችን ሲያልፍ ቢያየኝ ገደሌን አወቀው። እናንተ አብራችሁኝ እየኖራችሁ አላያችሁትም።"

ወንድማማቾቹ አንገታቸውን ደፉ። በሠርጉ ዕለት ሙሽራውን በር ላይ ወጥተው የሳሙት መጀመሪያ እነሱ ናቸው፤ ግሪሱ ይንካን አይንካን አላሉም!

ግን ቆዩ፣ አላለቀም። መርክነህ በደስታ ብዛት ለራሱም ታብሌት ገዛ። ሽንኩርት ተራ ይዞት ሄደ። ስልክ ሲደወልለት ጆሮው ላይ ቢለጥፈው መዝጊያ የተሸከመ መሰለ! ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ኪሱ አይገባ፣ ከረጢት ላይ ቢያስቀምጠው ሌላ ከረጢት ይጫንበታል። በሳምንቱ ወደ ስልኩ ተመለሰ፣ ታብሌቱንም ለአንዲት ጥልፍ ጠላፊ ጎረቤቱ ሰጣት። እሷ ዛሬ የመስቀል ቅርጽ ሁሉ እያየችበት ትጠልፋለች፣ ስሙን አንስታ አትጠግብም።

እና እናንተዬ፣ ነገሩ ይሄ ነው። "ስልክ አለኝ፣ ላፕቶፕ አለኝ፣ ታብሌት ደግሞ ምን ያደርግልኛል?" የሚል ሰው ዕቃውን ከመጠየቁ በፊት መንገዱን ይይ። መንገዱ ሜዳ ከሆነ በቅሎ አይግዛ፤ ገደል ካለበት ግን በበቅሎ አይሳቅ። ለአንዱ ትርፍ የሆነው ለሌላው ዓይኑ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። "ይሄም አይደለም፣ ያም አይደለም" ብለን የናቅነው ሰው፣ እኛ ያላየነውን ገደል ቀድሞ ያየ ሊሆን ይችላል።

እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ግቡና ግድግዳችሁን እዩ። ስቃችሁበት ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ የሰቀላችሁት ምን አለ? ማንስ ነበር ያመጣላችሁ?